አጥርና መንገደኛ፤ ስለ እንግሊዝ አገር የመሬት ሕግና ስለ ጂፕሲዎች

የእንግሊዝ ልብ ወለድ ያነበበ ተማሪ ሁሉ አንድ ሰሌዳ ያውቃል። በአንድ ባላባት አጥር ላይ ወይም በጫካ ዳር ተቸንክሮ «ያለ ፈቃድ የገባ በወንጀል ይከሰሳል» ይላል። ሰሌዳውን አይቶ የማይመለስ መንገደኛ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ለብዙ ዘመን ሲናገር የኖረው ሐሰት ነበር፤ በሰው መሬት መግባት ብቻውን ወንጀል አልነበረምና። የአገሩ ሕግ ዐዋቂዎችም «የእንጨት ውሸት» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ያ የእንጨት ውሸት በምን መንገድ እየተለወጠ ወደ እውነትነት እንደ ተጠጋና ለውጡም በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ሰው የሌላውን መሬት ያለ ፈቃዱ ሲረግጥ በደል ፈጽሟል። ሣር ባይቀጭ፣ ፍሬ ባይለቅም፣ እግሩን ማሳረፉ ብቻ ይበቃል። ይሁን እንጂ በደሉ በሁለት ሰዎች መካከል የሚታይ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው እንጂ ከመንግሥት ጋራ የሚያጣላ ወንጀል አይደለም። ባለ መሬቱ «ውጣልኝ» ሊል፣ አልወጣም ያለውንም ተመጣጣኝ በሆነ ኀይል ሊያስወጣ፣ ወይም ፍርድ ቤት ሄዶ ካሣና የማስለቀቂያ ትእዛዝ ሊጠይቅ ይችላል። ፖሊስ ጠርቶ «ይህን ሰው እሰርልኝ» ለማለት ግን አይችልም ነበር። (ስኮትላንድ የራስዋ ሕግ አላት። ብዙ ሰው በዚያ አገር እንዲህ ያለ ክልከላ የለም ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን በሰው መሬት ያለ ፈቃድ መስፈርን ወንጀል ያደረገ ሕግ ከ1865 ጀምሮ አላት።)

ልዩነቱ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ብቻ የሚከራከሩበት ረቂቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ሲሆን ባለ መሬቱ ወጪውን አስቦ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነው መሬቱን የሚያስለቅቀው፤ ዳኛውም የሌላውን ወገን ይሰማል። ነገሩ ወንጀል ሲሆን ግን ውሳኔው በመንገድ ዳር በቆመ አንድ የፖሊስ መኰንን እጅ ይወድቃል፤ ቤተሰቡም ልጆቹን ሰብስቦ የሚነሣው ዳኛ የሚባል ሳያይ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንሂድ። ጂፕሲ የሚለው ስም «ግብጻዊ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እነዚህ ጠይም መንገደኞች በብሪታንያ ሲታዩ ሕዝቡ ከግብጽ የመጡ መሰለውና እንዲሁ ብሎ ጠራቸው፤ ቋንቋቸው በኋላ ሲመረመር ግን ከሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች ጋራ የተዛመደ ሆኖ ተገኘ። የሕዝቡ ስም ሮማኒ ነው። ከነሱ ሌላ የአየርላንድ ተጓዦች የሚባሉ አሉ። እነዚህ ከአየርላንድ የወጡ፣ የራሳቸው ንግግርና ልማድ ያላቸው የተለዩ ሕዝብ ናቸው፤ አገሬው ግን ሁለቱን ወገን አንድ አድርጎ ማየት ይቀናዋል።

ሕግ ቀድሞም በነሱ ላይ ቸር አልነበረም። በ1530 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የወጣው ሕግ «ግብጻውያን» ወደ አገሩ እንዳይገቡ፣ የገቡትም በ16 ቀን ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ። በ1554 ደግሞ በአገሩ የቆየ ሞት እንዲፈረድበት ተደነገገ። በሞት የሚያስቀጣው ሕግ የተሻረው በ1783 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዎቹ አልጠፉም፤ በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 71,440 ሰዎች ራሳቸውን ጂፕሲ ወይም የአየርላንድ ተጓዥ ብለው አስመዝግበዋል። ከነዚህም በካራቫን፣ ማለት በመኪና በሚጐተት ቤት፣ የሚኖሩት ከሩብ ያነሱ ናቸው። የቀሩት በተራ ቤት ይኖራሉ፤ ከነሱም ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ሳይሆን የሚቆሙበት ቦታ ስላጡ ነው።

እንዴት ቦታ ሊያጡ ቻሉ? ይህን ለመረዳት የእንግሊዝን ገጠር ታሪክ ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። በድሮ ጊዜ መንገደኛው የሚያርፍበት ቦታ አያጣም ነበር። በየመንደሩ ሁሉም ከብቱን የሚያሰማራበት የወል መሬት ነበረ፤ ከብት የሚነዳባቸው ሰፋፊ መንገዶችም በግራና በቀኝ የሣር ዳርቻ ነበራቸው። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ግን ፓርላማው በሺህ የሚቈጠሩ የማጠሪያ ሕጎች እያወጣ የወሉን መሬት ለባለ ርስቶች አከፋፈለው። ያም ሆኖ ጂፕሲው ለገበሬው ያስፈልገው ነበር። በኬንት አውራጃ ለቢራ የሚሆነውን የፈረንጅ ጌሾ የሚለቅም፣ በሌላው አገር ፍራፍሬና ድንች የሚሰበስብ፣ ፈረስ የሚነግድ፣ ብረት ድስት የሚጠግን እርሱ ነበረ። ገበሬውም መከር እስኪያልቅ በእርሻው ዳር ያሰፍረዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የለቀማ መኪና መጣ፤ ድስቱም ከመጠገን አዲስ መግዛት ረከሰ። ገበሬው የጂፕሲው ጉልበት ሳያስፈልገው ሲቀር ጂፕሲው በእርሻው ዳር መስፈሩ ደስ አላሰኘውም። ሕጉም ይህንኑ ስሜት ተከትሎ መጣ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በ1959 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ በመንገድ ዳር የሰፈረን ጂፕሲ በስም ጠርቶ ይቀጣ ነበር። በዚያው ዳርቻ ለሽርሽር የወጣ የከተማ ሰው ድንኳን ቢተክል ይህ አንቀጽ አይነካውም። በ1967 ነገሩ ለፍርድ ቤት ቀርቦ «ጂፕሲ» ማለት ዘር ሳይሆን ቋሚ መኖሪያ የሌለው፣ እየተዘዋወረ የሚኖር ሰው ነው ተብሎ ተተረጐመ። አተረጓጐሙ ብልህ ነው፤ ሕጉን ዘር ለይቶ ቀጪ ከመባል አዳነው። ሃያ አንድ ዓመት ቈይቶ፣ በ1988፣ በአንድ የለንደን መጠጥ ቤት በር ላይ «ተጓዦች አይገቡም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ክርክር በተነሣ ጊዜ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሮማኒ ጂፕሲዎች በዘር ግንኙነት ሕግ የሚጠበቁ ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ ናቸው ሲል ፈረደ። የአየርላንድ ተጓዦችም በ2000 ይህንኑ አገኙ። በ1960 ደግሞ ካራቫን የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ተደነገገና የወረዳ ምክር ቤቶች የቀረውን የወል መሬት ለካራቫን የመዝጋት ሥልጣን አገኙ። ምክር ቤቶቹ በሥልጣኑ ለመጠቀም አልዘገዩም።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ደግ ነገር የሚታየው። ኤሪክ ለቦክ የተባለ የሊበራል ፓርቲ እንደራሴ በግሉ ረቂቅ አቅርቦ በ1968 የካራቫን ስፍራዎች ሕግ እንዲወጣ አደረገ። ሕጉ በ1970 ሥራ ላይ ሲውል የአውራጃ ምክር ቤቶች በክልላቸው ለሚኖሩና ለሚመላለሱ ጂፕሲዎች የሚቆሙበት ስፍራ የማዘጋጀት ግዴታ ተጣለባቸው። በምትኩም በቂ ስፍራ አዘጋጅቷል የተባለ ምክር ቤት ከዚያ ውጭ የሚሰፍረውን በወንጀል ለመክሰስ ይችላል። እንግዲህ ሕጉ ውል ይመስል ነበር፤ «ቦታ ስጥ፣ ከዚያ በኋላ ከልክል» የሚል። ምክር ቤቶቹ ከልካይነቱን እንደ ወደዱት ሰጪነቱን አልወደዱትም። የተሠሩትም ስፍራዎች ብዙ ጊዜ በቈሻሻ መጣያ አጠገብ፣ በፍሳሽ ማጣሪያ ዳር፣ በፈጣን መኪና መንገድና በባቡር ሐዲድ መካከል ነበሩ፤ ሌላ ጎረቤት የማይቃወመው ቦታ እንዲህ ያለው ብቻ ነውና። ሆኖም በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ከ300 በላይ ስፍራዎች ተሠርተዋል። ይህን ማቃለል አይገባም።

ውሉ የፈረሰው በ1994 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ጸጥታ ሕግ በአንድ በኩል የምክር ቤቶችን ግዴታ ሻረ፤ በሌላ በኩል የፖሊስን ሥልጣን አሰፋ። ማለት ከ«ቦታ ስጥ፣ ከልክል» ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ ተቈርጦ ሁለተኛው ቀረ። ለሕጉ መውጣት ብዙ የተወራለት ምክንያት ጂፕሲዎቹ አልነበሩም። በግንቦት 1992 ካስልሞርተን በተባለ የወል መሬት ላይ ከ20,000 በላይ ወጣቶች ለሙዚቃና ለጭፈራ ተሰብስበው ቀናት በማሳለፋቸው ጋዜጦቹ ሁሉ ተቈጥተው ነበር። ወጣቶቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ሕጉ ግን መመለሻ ቤት በሌላቸው ላይ ቀረ።

በዚህ ሕግ 61ኛ አንቀጽ መሠረት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሰው መሬት ለመኖር ሲሰፍሩ፣ ባለ ይዞታው እንዲወጡ ጠይቋቸው እምቢ ሲሉ፣ ደግሞም ጉዳት ካደረሱ ወይም ከተሳደቡ ወይም ስድስት ተሽከርካሪ ካላቸው፣ በቦታው ያለው ከፍተኛ የፖሊስ መኰንን እንዲነሡ ሊያዛቸው ይችላል። ያልተነሣ፣ ወይም በተከለከለበት ጊዜ ውስጥ (ይህም እስከ 2022 ሦስት ወር ነበረ) የተመለሰ እስከ ሦስት ወር ይታሰራል። ስድስት ተሽከርካሪ ብዙ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ካራቫኑና የሚጐትተው መኪና ለየብቻ ስለሚቈጠሩ ሦስት ቤተሰብ ስድስት ይሞላል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ማለት ነው። ቀድሞ በ1986 የወጣው ሕግ 12 ተሽከርካሪ ይጠይቅ ነበር፤ በ1994 ወደ 6 ወረደ፤ በ2022 ወደ 1። ይህችን የቍጥር ውድቀት ልብ በሉልን።

«ታዲያ የራሳቸውን መሬት ገዝተው ለምን አይሰፍሩም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መንግሥትም በ1994 ያለው ይህንኑ ነበር። ብዙዎች ሰምተው ገዙ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር መሬት መግዛትና በመሬቱ ላይ መኖር ሁለት ነገር ናቸው፤ ለሁለተኛው የወረዳው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ምክር ቤቱን የሚመርጡትም ጎረቤቶች ናቸው። አንዲት ጂፕሲ ሴት በገዛችው መሬት ላይ ካራቫንዋን እንዳታቆም ተከልክላ እስከ ስትራስቡርግ ድረስ በመሄድ በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ተሟግታለች። በጥር 2001 አሥር ዳኞች በሰባት በልጠው ፈረዱባት፤ ይሁንና መንግሥታት የጂፕሲዎችን አኗኗር የማመቻቸት ግዴታ አለባቸው የሚል ቃል በዚያው ፍርድ ውስጥ ተጽፏል። በኤሴክስ ዴል ፋርም በተባለው ስፍራ ደግሞ ወደ ሰማንያ የሚሆኑ የተጓዥ ቤተሰቦች አሮጌ ብረት ይጣልበት የነበረን መሬት ገዝተው ሰፈሩ። መሬቱ በከተሞች ዙሪያ ቤት እንዳይሠራበት በተከለለው አረንጓዴ ቀበቶ ውስጥ በመሆኑ ከአሥር ዓመት ሙግት በኋላ በጥቅምት 2011 በፖሊስ ኀይል ተባረሩ። እንግዲህ በሰው መሬት ያቆመውን የመግቢያ ሕጉ፣ በገዛ መሬቱ ያቆመውን የፈቃድ ሕጉ፣ በመንገድ ያቆመውን የጎዳና ሕጉ ያነሣዋል። ሦስቱም ሕጎች ለየብቻቸው ሲነበቡ ምክንያት አላቸው። አብረው ሲነበቡ ግን ለአንድ ሕዝብ መሬት ሁሉ የተከለከለ ይሆናል።

በሰኔ 28 ቀን 2022 ሥራ ላይ የዋለው የፖሊስና የወንጀል ሕግ ከሁሉ የከፋው ነው። ዕድሜው 18 የሞላው ሰው አንድ ተሽከርካሪ ይዞ ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ቢኖር፣ ወይም ለመኖር ቢያስብ፣ ባለ ይዞታው ወይም ወኪሉ ወይም ፖሊስ «ተነሣ» ሲለው ካልተነሣ፣ ከባድ ጉዳት ወይም ረብሻ ወይም ጭንቀት አድርሶ ወይም «ሊያደርስ የሚችል» ሆኖ ከተገኘ ወንጀለኛ ነው። ቅጣቱ እስከ ሦስት ወር እስራት ወይም እስከ 2,500 ፓውንድ መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። በመጀመሪያ «ሊያደርስ የሚችል» የሚለውን አስተውሉ። ያልተፈጸመ ጉዳት የሚመዘነው በተመልካቹ ግምት ነው፤ ስለ ጂፕሲ ያለው ግምት ምን እንደ ሆነ ደግሞ ከመጠጥ ቤቱ ሰሌዳ አይተናል። ሁለተኛም ፖሊሱ ወንጀል ተሠርቷል ብሎ ከጠረጠረ ተሽከርካሪውን ወስዶ እስከ ሦስት ወር፣ ክስ ከተመሠረተም ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ሊይዘው ይችላል። ለሌላው ሰው ተሽከርካሪ ማለት መኪና ነው። ለዚህ ሰው አልጋው፣ ምድጃው፣ የልጁ ደብተር ያለበት ቤቱ ነው፤ መኪናውም የሚሠራበት መሣሪያው ነው። በጥርጣሬ ብቻ ቤቱ ተጐትቶ የሚሄድበት ሌላ የአገሩ ዜጋ እኛ አላገኘንም።

ስለ ባለ መሬቶቹ ዝም ብንል ፍርደ ገምድል እንባላለን። አቤቱታቸው ፈጠራ አይደለም። በሩ ተሰብሮ፣ ቡቃያው ተረግጦ፣ የሕንፃ ፍርስራሽ ተከምሮበት ያገኘ ገበሬ አለ፤ ለማጽዳት የሚያወጣውም ገንዘብ ከኪሱ ነው። ነገር ግን ንብረት መስበር፣ መስረቅ፣ ቈሻሻ መድፋት ከዚህ ሕግ በፊትም ወንጀሎች ነበሩ፤ ጥፋተኛውን ለይቶ ለመቅጣት አዲስ ሕግ አያስፈልግም ነበር። አዲሱ ሕግ የጨመረው ያላጠፋውን ነው። ደግሞም በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በሚደረገው የካራቫን ቈጠራ የራሳቸው ባልሆነ መሬት ያለ ፈቃድ የሰፈሩት በ2020 ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። የሚያስገርመው ሥልጣኑ የተሰጣቸው የፖሊስ አለቆች ራሳቸው አለመፈለጋቸው ነው፤ የፖሊስ አለቆች ብሔራዊ ምክር ቤት ነገሩ የፍትሐ ብሔር ሆኖ መቅረት እንዳለበትና የችግሩ ሥር የስፍራ እጥረት እንደ ሆነ ለመንግሥት ጽፎ ነበር። መንግሥት ሰምቶ አለፈው።

ከፍርድ ቤቶቹ ግን አንዳንድ መልካም ቃል ወጥቷል። በ1995 ዳኛ ሴድሊ አንድ ምክር ቤት ሰፋሪዎችን ከማስነሣቱ በፊት የታመመ፣ ያረገዘች፣ በትምህርት ላይ ያለ ልጅ መኖሩን መመርመር እንዳለበት፣ ይህም ተራ ሰብአዊነት እንደ ሆነ ፈርዶ ነበር። በኋላ ምክር ቤቶች ሌላ ዘዴ አገኙ። «ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች» ብለው ገና ያልመጡትን መንገደኞች እየከሰሱ በወረዳው ውስጥ ባሉ ባዶ መሬቶች ሁሉ ላይ የእግድ ትእዛዝ ማውጣት ጀመሩ። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ዐይነቱን ሰፊ እግድ ተቃወመ፤ በኅዳር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እግዱ በመሠረቱ ይቻላል፣ ነገር ግን ምክር ቤቱ አስገዳጅ ምክንያት ሲኖረውና ሌላ መቆሚያ ስለ መኖር አለመኖሩ ሲመረመር ነው ሲል ወሰነ። የ2022ቱ ሕግም በግንቦት 14 ቀን 2024 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተነክቷል። ሕጉ አንድ ጊዜ የተነሣ ሰው ወደዚያ መሬት እንዳይመለስ የተከለከለበትን ጊዜ ከሦስት ወር ወደ አሥራ ሁለት ወር አራዝሞት ነበር። ዳኛው ይህ ከሰብአዊ መብት ስምምነት ጋራ አይስማማም አለ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ምክር ቤቶች በሚያዘጋጁት ጊዜያዊ ስፍራ መቈየት የሚፈቀደው ባብዛኛው እስከ ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ የወጣ ሰው ለቀሩት ዘጠኝ ወሮች ወዴት ይሂድ? ይሁን እንጂ በእንግሊዝ ሥርዐት እንዲህ ያለው ፍርድ ሕጉን አይሽርም፤ ሕግ የሚለውጠው ፓርላማው ብቻ ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ሁለት ምሳሌ እንጨምር። ዌልስ በ2014 ባወጣችው የቤቶች ሕግ በ1994 የተሻረውን ግዴታ መልሳ አቁማለች፤ የጂፕሲና የተጓዥ ፍላጎት በጥናት ከተረጋገጠ ምክር ቤቱ ስፍራ የመስጠት ግዴታ አለበት። በእንግሊዝ የሊድስ ከተማ ደግሞ ተጓዦቹ ባቋቋሙት ማኅበር አማካይነት ሌላ ዘዴ ተሞክሯል። ምክር ቤቱ በየጊዜው እያባረረ ለጠበቃና ለጽዳት ሲከፍል ከመኖር ይልቅ ከመጡት ቤተሰቦች ጋራ ይዋዋላል። ለማንም የማያስቸግር ባዶ መሬት ያሳያቸዋል፤ መጸዳጃና የቈሻሻ ማጠራቀሚያ ያቀርብላቸዋል። እነሱም ቦታውን በንጽሕና ለመያዝ፣ ጎረቤት ላለማወክና በተወሰነው ቀን ለመነሣት ቃል ይገባሉ። ቃሉን ያፈረሰ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ያላፈረሰውም ቀኑ ሲደርስ ካራቫኑን አያይዞ ወደሚቀጥለው ሥራው ይሄዳል።